መሬቱ ያዘነበለ ሲመስል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በወረታ ከተማና በፎገራ የገጠር ቀበሌዎች፣ በሐሙሲትና በአዲስ ዘመን አካባቢ ሆናችሁ ለምትከታተሉን ሁሉ፣ የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ መነጽር ነው። በተለይም አስቲግማቲዝም ላለበት ዐይን ስለሚታዘዘው መነጽርና ሰው ያን መነጽር እስኪለምደው ድረስ ስለሚያልፍባቸው ሳምንታት እናወራለን።

የፎገራ ሜዳ ምን ያህል ደልዳላ እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ሞልተው ማሳውን የሚያጥለቀልቁት ውኃው ወደ ጣና የሚንደረደርበት ቁልቁለት ስለሚያጣ ነው። ሩዙም የተስማማው ያ ውኃ ማሳው ላይ ስለሚተኛ ነው። እንግዲህ በዚህ ሜዳ ተወልዶ ያደገ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ «መሬቱ ወደ ግራ ዘመመብኝ» ቢል ጎረቤት ምን ይለዋል? «አሞሃል እንዴ?» ይለዋል። ሰውዬው ግን ትናንት ከመነጽር ቤት አዲስ መነጽር ተቀብሎ ከሆነ የሚናገረው ያየውን ነው። ግድግዳው ዘንበል፣ በሩ ጠበብ፣ እግሩ የሚረግጠው መሬት ራቅ ብሎ ይታየዋል። ሁለት ቀን ይታገላል፤ በሦስተኛው ቀን መነጽሩን አውልቆ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። «ይሄ መነጽር ጭራሽ ሊያሳውረኝ ነበር» ብሎም ለዘመድ ወዳጁ ያወራል።

የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ያ ሰው የሥራ ቀኑን ሠውቶ፣ ለትራንስፖርት ከፍሎ፣ ተመርምሮ፣ ገንዘቡን አውጥቶ ያሠራው መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛ ነበር። የጎደለው መነጽሩን ሲቀበል «የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዲህ ይሰማሃል፤ አትደንግጥ፤ ታገሥ፤ ይህን ካየህ ግን ተመለስ» የሚለው ሰው ነው። ዛሬ ያንን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ አስቲግማቲዝም ራሱ ምን እንደሆነ እንወቅ። ዐይናችን ብርሃን የሚሰበስበው በሁለት ክፍሎቹ ነው። አንደኛው ውስጥ ያለው ሌንስ ነው። ሁለተኛዋ በጥቁሩ የዐይናችን ክፍል ፊት ያለችው ጥርት ያለች ስስ ሽፋን ናት፤ ባለሙያዎች ኮርኒያ ይሏታል። መካከሏ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ብትወፍርም ዐይናችን ብርሃን ከሚሰበስብበት ኃይል ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው የእሷ ድርሻ ነው። ኮርኒያ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከጎበጠች ከአንድ ነጥብ የተነሣው ብርሃን ዐይናችን ጀርባ በሚገኘው ሬቲና ላይ ተመልሶ አንድ ነጥብ ይሆናል። አስቲግማቲዝም ባለበት ዐይን ግን ጉብጠቱ እኩል አይደለም። የተቀቀለ እንቁላል ልጣችሁ በጎኑ አጋድሙትና ጣታችሁን አንድ ጊዜ በርዝመቱ፣ አንድ ጊዜ በወርዱ አሳልፉበት፤ በርዝመቱ ዘርጋ፣ በወርዱ ጎበጥ ብሎ ታገኙታላችሁ። እንደዚያ ያለ ኮርኒያ በአንደኛው አቅጣጫ ያለፈውን ብርሃን ቀደም አድርጎ፣ በሌላኛው ያለፈውን ዘግየት አድርጎ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ነጥቡ ነጥብ ሆኖ አያርፍም፤ ተጎትቶ ሰረዝ ይሆናል።

ጥቂት አስቲግማቲዝም የሌለበት ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ጥቂት ከሆነ አያስቸግርም። ሲበዛ ግን ሩቁም ቅርቡም ብዥ ይላል። ይህን አስተውሉልኝ፤ የሩቁ ብቻ የሚጠፋበት ሰው አለ፣ የቅርቡ ብቻ የሚጠፋበትም አለ፤ አስቲግማቲዝም ከሁለቱም ጋር ተደርቦ ሊመጣ ይችላል። አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ዐይኑን ጨፈን እያደረገ ያያል፤ አንገቱን ያዘነብላል፤ ከሰዓት በኋላ ግንባሩን ያመዋል። በወረታ መገንጠያ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚለያዩበት ቦታ፣ ማታ ባጃጅ የሚነዳ ሰው የሚመጣውን መኪና መብራት እንደ መብራት አያየውም፤ ወደ አንድ ወገን የተጎተተ የብርሃን ጭረት ሆኖበት በመብራቱ አጠገብ የሚሄደውን እግረኛ ይሰውርበታል።

ተማሪዎች ላይ የሚታየው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስቆጨኛል። ፊደላችንን አስቡት። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው አንዲት አግድም ጭረት ናት፤ ለአንዱ ጎኑ ላይ፣ ለሌላው እግሩ ሥር የተቀጠለች። «ሙ» እና «ሚ»፣ «ቡ» እና «ቢ»ም እንደዚሁ። አግድም የሆነው መስመር የሚደበዝዝበት ልጅ የፊደሉን ቋሚዎች አጥርቶ እያየ ቅጥያዋን ግን ያጣታል። ስለዚህ በግምት ያነባል። ያውቃል ብላችሁ ስትጠብቁት ይሳሳታል፤ አያውቅም ስትሉት ደግሞ በቃል ሲጠየቅ ይመልሳል። መምህሩ «ቸልተኛ» ይለዋል፤ ወላጅም ይቆጣዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ከመቆጣት በፊት ዐይኑን ማስመርመር ይቀድማል።

አሁን እዚያው ተቀምጣችሁ አንድ ነገር እንሞክር። ወረቀትና እስክርቢቶ ያለው ያምጣ። ወረቀቱ መካከል ላይ ነጥብ አድርጉ፤ ከነጥቡ ተነሥታችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ በየመሐሉም ወደ ማዕዘኖቹ፣ ውፍረታቸው እኩል የሆነ ቀጥ ያሉ መስመሮች አሥምሩ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ጥቂት እርምጃ ራቁ። አንድ ዐይናችሁን ሳትጫኑ በመዳፋችሁ ሸፍኑና በሌላው ተመልከቱ፤ ከዚያ ቀይሩ። መስመሮቹ ሁሉ እኩል ከጠቆሩ መልካም። አንደኛው መስመር ጥቁርና ጥርት ያለ ሆኖ እሱን የሚያቋርጠው ግራጫ ሆኖ ከደበዘዘ ግን አስቲግማቲዝም ሊኖር ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። ይህ ምርመራውን አይተካም፤ «እስቲ ልታይ» ብላችሁ እንድትነሡ ግን ይረዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን የዐይን ጠባይ መጀመሪያ በጥንቃቄ የመዘገበው እንግሊዛዊው ሐኪምና ሳይንቲስት ቶማስ ያንግ ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1801፤ ያገኘውም በገዛ ዐይኑ ላይ ነበር። ዐይኑን ውኃ ውስጥ አድርጎ የኮርኒያውን ሥራ ካስቀረ በኋላም ጉድለቱ ስላልጠፋ፣ በእሱ ዐይን ላይ ችግሩ የመጣው ከውስጠኛው ሌንስ እንደሆነ ተረዳ። መነጽሩ የመጣው ከዚያ 24 ዓመት ቆይቶ ነው። በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ኤሪ፣ በኋላ የእንግሊዝ የሥነ ፈለክ ሹም የሆነው፣ ግራ ዐይኑ ለንባብ አልረዳው ይላል። በዚያ ዐይን ኮከብ ሲያይ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ የተጋደመ መስመር ይሆንበታል። መስመሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ለካ፤ አሰላ፤ በ1825ም አንደኛው ገጹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የጎበጠ መስታወት ለባለሙያ አዝዞ አሠራ። ዛሬ ጎንደርና ባሕር ዳር የሚታዘዘው የአስቲግማቲዝም መነጽር የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው።

ይህ ታሪክ የማዘዣ ወረቀታችሁን ለማንበብ ይረዳችኋል። ወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ ዐይን በአብዛኛው እስከ ሦስት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው፣ ስፌር የሚባለው፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሠራው ኃይል ነው። ሁለተኛው ሲሊንደር ይባላል፤ የአስቲግማቲዝሙን መጠን የሚያቃናው እሱ ነው። ሦስተኛው አክሲስ ነው፤ ይህ ከ1 እስከ 180 ያለ የዲግሪ ቁጥር ሲሆን የሲሊንደሩን አቀማመጥ ይነግራል። ኤሪ ኮከቡን እያየ የለካው ዝንባሌ ማለት ነው። በዚህ በሦስተኛው ቁጥር ቀልድ የለም። መስታወቱ ከትክክለኛው አቀማመጥ 10 ዲግሪ ቢዞር ከጥቅሙ ሢሶው ያህል ይጠፋል። 30 ዲግሪ ከዞረ መነጽሩ አስቲግማቲዝሙን ምንም አላቀለለም ማለት ነው።

ገበያ ላይ ተደርድረው የሚሸጡትን መነጽሮች በዚህ መዝኗቸው። ዕድሜያቸው 40 አልፎ የቅርብ ንባብ ላስቸገራቸው፣ ሌላ የዐይን ጉድለት ለሌለባቸው ሰዎች የንባብ መነጽሮቹ ይረዱ ይሆናል። ሲሊንደር ግን የላቸውም፤ ሊኖራቸውም አይችልም፤ የእያንዳንዱ ሰው አክሲስ የየራሱ ነውና። አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ከመደርደሪያ አንሥቶ እየሞከረ «ይሄ ትንሽ ይሻላል» ያለውን ቢገዛ ራስ ምታቱን ይዞት ይቀጥላል። የሌላ ሰው መነጽርም እንደዚሁ ነው፤ የአባት መነጽር ለልጅ አይሆንም።

ያላችሁ መነጽር ሲሊንደር እንዳለው ማወቅ ትፈልጋላችሁ? መነጽሩን በክንዳችሁ ልክ ከፊታችሁ አርቃችሁ ያዙ። በአንደኛው መስታወት ውስጥ የበሩን መቃን ቀጥ ያለ ጠርዝ ተመልከቱ። አሁን መነጽሩን እዚያው እንደያዛችሁት በቀስታ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዙሩት፤ መስታወቱ ፊቱን ወደ እናንተ እንዳደረገ ይሁን። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው የመቃን ጠርዝ ከውጭ ከሚታየው ተለይቶ የሚያዘነብልና የሚመለስ ከሆነ ሲሊንደር አለው። መነጽሩን ብታዞሩትም ጠርዙ ቀጥ እንዳለ ከቆየ የለውም። አስቲግማቲዝም አለብህ ተብሎ የታዘዘለት ሰው የተሰጠው መነጽር ይህን ካላሳየ ወደ መነጽር ቤቱ ሄዶ ይጠይቅ። ሲሊንደሩ በጣም ጥቂት ከሆነ ግን ዝንባሌው በቀላሉ ላይታይ ስለሚችል ባለሙያው በመሣሪያ ይለካላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። መሬቱ ለምን ያዘነብላል? ሲሊንደር ያለው መስታወት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሠራ፣ ምስሉንም በአንድ አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ ያሳድጋል ወይም ያሳንሳል። አቀማመጡ ቀጥ ያለ ወይም አግድም ከሆነ በሩ ረዘም ወይም ሰፋ ብሎ ይታያል፤ ይህ ብዙም አያናውጥም። ወደ ጎን ያጋደለ ሲሆን፣ ለምሳሌ 45 ወይም 135 ዲግሪ አካባቢ፣ ቀጥ ያለው ነገር ራሱ ዘመም ይላል። በዚያ ላይ አእምሯችን የአንድን ነገር ርቀት የሚያውቀው ግራ ዐይን ያየውንና ቀኝ ዐይን ያየውን እያስተያየ ነው። ሁለቱ መስታወቶች በየፊናቸው ሲያዘነብሉ አእምሮ የሚያገኘው ሒሳብ «ይህ መሬት ተዳፋት ነው» የሚል ይሆናል። ዐይኑ አልታመመም፤ መነጽሩም አልተበላሸም። አእምሮ ለብዙ ዓመት የኖረበትን ምስል በአንድ ቀን ተነጠቀ፤ አዲሱን ደግሞ ገና አልተማረውም።

ይማረዋል ወይ? ይማረዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1890ዎቹ ጆርጅ ስትራተን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዓለምን ገልብጦ የሚያሳይ መሣሪያ ዐይኑ ላይ አስሮ ለተከታታይ ቀናት ኖሯል። መጀመሪያ እጁን ወደ ዕቃ ሲዘረጋ ወደ ተቃራኒው ይሄድበት ነበር፤ መራመድም አስቸገረው። ቀናት ሲያልፉ ግን ሳያስብበት ይንቀሳቀስ ጀመር። የተገለበጠ ዓለም መልመድ የቻለ አእምሮ በመነጽር የመጣን ጥቂት ዝንባሌ ለማቃናት ብዙ አይቸገርም። ሆኖም የሚማረው ሲያይበት ብቻ ነው። ለዚህ ነው መነጽሩን ለአንድ ሰዓት አድርጎ ቀኑን ሙሉ ማውለቅ የማይበጀው፤ አእምሮ ትምህርቱን በየቀኑ ከዜሮ ይጀምረዋል። አብዛኛው ሰው በጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል። የሲሊንደሩ ቁጥር ከፍ ያለበት፣ አቀማመጡ ያጋደለበት፣ ወይም በጉልምስናው ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው ከዚያ ጥቂት ሊዘገይ ይችላል። ልጆች ከሁላችንም ይፈጥናሉ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። መነጽሩን ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሣችሁ አድርጉት፤ እኩለ ቀን ላይ፣ ዐይን በድሮው ምስል ከሠራ በኋላ ከመጀመር ይልቅ ይቀላል። የመጀመሪያውን ቀን በቤት፣ በግቢ፣ በምታውቁት ቦታ አሳልፉ። ሩዝ ልቀሙበት፣ አንብቡበት፣ ከሰው ጋር እየተጫወታችሁ ፊት ለፊት እዩበት። ወደ ጎን ለማየት ዐይናችሁን ብቻ ከምትልኩ አንገታችሁን አዙሩ፤ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል የሚታየው ከመካከሉ ይልቅ የተዛባ ነው። ደረጃ ስትወርዱ ጭንቅላታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እግራችሁን በመስታወቱ መካከል ተመልከቱ።

አሁን የምለውን ደግሞ አደራ። እስክትለምዱት ድረስ ባጃጅም ሆነ ሞተር ሳይክል አትንዱበት። በሩዝ ማሳ መካከል ያለው ጠባብ ግድብ ላይ፣ ያውም ክረምት ጭቃው አንሸራቶ በሚጥልበት ጊዜ፣ ጄሪካን ወይም ችግኝ ተሸክማችሁ የምትሄዱ ከሆነ መነጽሩን ለዚያች መንገድ አውልቁት፤ ተሻግራችሁ መልሱት። ርቀትን በትክክል ሳይለኩ በዚያ ግድብ ላይ መሄድ መውደቅን ያመጣል። ማጭድና መጥረቢያም እንደዚሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይቆዩ።

የድሮ መነጽር የነበራችሁ ከሆነ አዲሱ ሲያስቸግራችሁ ወደ ድሮው አትመለሱ። አንድ ቀን ይህን፣ አንድ ቀን ያንን ማድረግ መልመጃውን ያራዝመዋል።

አንድ ሥር የሰደደ ፍርሃት አለ፤ እሱን በትዕግሥት ልመልስ። «መነጽር ካደረግኩ ወዲህ ያለ መነጽር ጭራሽ ማየት አቃተኝ፤ ዐይኔን አደከመው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የሚሉትን አይተው ነው የሚሉት። የሆነው ግን ይህ ነው፦ ቀድሞ ዓለም ብዥ ያለች መሆኗን አታውቁም ነበር፤ የምታነጻጽሩበት አልነበራችሁም። አሁን ጥርት ያለውን ስላያችሁ መነጽሩን ስታወልቁ የድሮው ብዥታ ጎልቶ ይሰማችኋል። ብዥታው ያው የትናንቱ ነው። ተስተካክሎ የታዘዘ መነጽር ዐይንን አያደክምም፤ ወደ ውስጥም አያሰረጉድም። «ሴት ልጅ መነጽር ካደረገች ሰው ይንቃታል» ብላችሁ የልጃችሁን መነጽር የምትደብቁ ወላጆች ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ተዉ። ሰሌዳው የማይታያት ልጅ ከትምህርት ትወጣለች፤ የሚከብደው ይኼ ነው።

በልጆች ላይ ጊዜም ያልቃል። ሕፃን ልጅ በአንድ አቅጣጫ ያለው መስመር ሁልጊዜ እየደበዘዘበት ካደገ አእምሮው ያንን አቅጣጫ አጥርቶ ማየትን ሳይማር ይቀራል። ከዚያ በኋላ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆኖ ትክክለኛ መነጽር ቢደረግለትም ሙሉ በሙሉ ላይጠራለት ይችላል። ስለዚህ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ማስመርመር ስምንተኛ ክፍል ደርሶ በፈተና ከመጨነቅ ይበልጣል። መነጽር የታዘዘለትን ልጅ መምህራን እንዲያውቁት አድርጉ፤ ክፍል ውስጥ ጓደኞቹ ሲያሾፉበት አውልቆ ቦርሳው ውስጥ እንዳይከተው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ታገሡ ብያለሁ፤ ግን ትዕግሥት ልክ አለው። የመነጽሩ ስሕተትም አለና። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀን እያደረጋችሁት ምንም ካልቀለለ፣ ወይም ምስሉ ጥርት ያላለ ከሆነ ተመለሱ። እዩልኝ፤ ማዘንበልና ብዥ ማለት ይለያያሉ። አዲስ መነጽር ጥርት አድርጎ እያሳየ ቢያዘነብል ይለመዳል፤ ብዥ እያለ ከቀጠለ ግን ልኬቱ ወይም አሠራሩ ይጣራ። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ። እንዲህ የሚሆነው አንዳንዴ የመስታወቶቹ መካከል ከዐይን ብሌኖቻችሁ ርቀት ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው። የግራው ለቀኝ፣ የቀኙ ለግራ ተገጥሞም ሊሆን ይችላል።

አንድ ሌላ ቀላል ነገር አለ፤ ክብ ፍሬም ለምትወዱ ነው። መስታወቱ ክብ፣ ፍሬሙም ክብ ሲሆን፣ ብሎኑ ከላላ መስታወቱ ፍሬሙ ውስጥ ሊሽከረከር ይችላል። ስትወለውሉት ዞር ይላል፤ ለዐይን አይታወቅም፤ አክሲሱ ግን ተዛብቷል። አስቲግማቲዝሙ ከፍ ያለ ሰው ማዕዘን ያለው ፍሬም ቢመርጥ ደኅና ነው። ፍሬሙ ተጣሞ አንዱ ወገን ዝቅ ካለ፣ ወይም አፍንጫ ላይ እየተንሸራተተ ከወረደም ውጤቱ ያው ነው። አንድ እጅ ብቻ እየተጠቀሙ ከፊት መንቀል ፍሬም ያጣምማል፤ በሁለት እጃችሁ አድርጉት፣ በሁለት እጃችሁ አውልቁት። መነጽር ቤቱ ፍሬሙን ማቃናት ሥራው ነውና ለመመለስ አትፈሩ።

መዝለቁ ከብዷችሁ ለባለሙያው ብትነግሩት ሌላ መንገድም አለው። ሲሊንደሩን ሙሉውን ሳይሆን በከፊል ሰጥቶ፣ ስትለምዱት ቀሪውን ሊጨምርላችሁ ይችላል። ሲመረምራችሁም የሙከራውን መነጽር አድርጋችሁ ከወንበር ተነሥታችሁ በኮሪደሩ ጥቂት እንድትራመዱ ይፍቀድላችሁ፤ ካላላችሁ እናንተ ጠይቁት። መሬቱ እዚያው የሚያናውጣችሁ ከሆነ ከመታዘዙ በፊት ይታወቃል።

በጥሩ መነጽር የማይስተካከል አስቲግማቲዝምም አለ፤ በእኛ አካባቢ ይህን ማወቅ ግድ ነው። ኮርኒያ ላይ ጠባሳ ሲኖር ጉብጠቱ ሥርዓት ያጣል፤ በአንድ ሲሊንደር የሚቃና አይሆንም። እሾህ፣ የሰብል ገለባና የዐይን ቁስል እንዲህ ያለ ጠባሳ ይተዋሉ። ትራኮማም ይተዋል፤ የውስጥ ቆቡ ጠባሳ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያጥፈውና ፀጉሩ ኮርኒያውን እየፋቀ ያቆስለዋል። በ2005 እና 2006 በፈረንጆች አቆጣጠር የተካሄደው አገር አቀፍ የዐይነ ሥውርነት ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አግኝቶ ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ከዚያ ወዲህ በመድኃኒት ዕደላውና በቀዶ ሕክምናው ብዙ ተሠርቷል። ነገር ግን ያኔ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ወጣቶች ናቸው። ያው ጥናት የማየት ችሎታቸው ካነሰ ኢትዮጵያውያን 33.4 በመቶው የመነጽር ችግር ያለባቸው፣ ማለትም የመነጽር ምርመራ የሚፈልጉ እንደነበሩ አሳይቷል። ለማየት ችሎታ ማነስ ከዐይን ሞራ ቀጥሎ ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነበር።

መነጽር ወደማያቃናው አስቲግማቲዝም የሚያደርስ ሌላው ነገር የዐይን ማሳከክ ነው። አቧራና ሙቀት ሲመጣ ዐይናቸው የሚቀላና እያከኩ የሚውሉ ልጆች በየቤቱ አሉ። አለርጂ ነው፤ ይታከማል። ዝም ብሎ ቢተው ለዓመታት በጡጫ ማሸት ኮርኒያን እያሳሳ ወደ ፊት እንዲሾል ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው፤ አስቲግማቲዝሙም በየጊዜው እየጨመረ መነጽር ሊከተለው እስከማይችል ይደርሳል። የልጃችሁ የመነጽር ቁጥር በየዓመቱ በፍጥነት የሚለዋወጥ ከሆነና ዐይኑን አጥብቆ የሚያሽ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ንገሩት። ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ጠብታ ግን አትጠቀሙ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ማሳከኩን በአንድ ቀን ያስቆመዋል፤ ያለ ሐኪም ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ ሲጨመር ግን የዐይን ግፊትንና የዐይን ሞራን ሊያመጣ ይችላል። በዝና የሚዘዋወር ጠብታ ሁሉ ይጠርጠር።

(አጭር ሙዚቃ)

የመነጽር አያያዝ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሆኖም የፎገራ አቧራ ስላለ ዝም ብዬ አላልፍም። የሩዝ መፈልፈያ ቤት የምትሠሩ፣ የበጋ አውድማ ላይ የምትውሉ፣ የሩዝ ገለባ አቧራ መስታወቱን ይፍቃል። መስታወቱን በደረቁ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ አትጥረጉት፤ አቧራው ራሱ ጨርቁ ሥር ሆኖ መስታወቱን ይቧጭረዋል። አስቀድማችሁ በንጹሕ ውኃና በጥቂት ሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አድርቁት። ስታስቀምጡት መስታወቱ ወደ ላይ ይሁን፤ ለአዳር በመያዣው ሣጥን ውስጥ ይደር። መኪና ውስጥ በፀሐይ አትተዉት።

ወዴት እንሂድ ለምትሉ፦ መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ላለው ጤና ጣቢያ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሩ፤ ሪፈር ይጽፉላችኋል። ከወረታ በአንድ ወገን ደብረ ታቦር፣ በሌላው ባሕር ዳር፣ በሰሜን ደግሞ ጎንደር አለ። ከ1954 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረው የጎንደር ተቋም ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኦፕቶሜትሪስቶችን፣ ማለትም ዐይንን ለክተው መነጽር የሚያዝዙትን ባለሙያዎች፣ በማሠልጠን በአገራችን ቀዳሚው እሱ ነው። ብዙዎቹ ተመራቂዎቹ በየሆስፒታሉ ተሠማርተዋል። ስለዚህ ለመነጽር ብቻ ስትሉ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልጋችሁም።

ስትሄዱ የድሮ መነጽራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የተጣመመ፣ የተሰበረም ቢሆን ባለሙያው ከእሱ ቁጥሩን ያነባል። ቀኑን ሙሉ የምትሠሩትን ንገሩት፤ ማታ መንዳት ነው ወይስ መርፌ ሥራ፣ የምትሠሩበት ርቀት ስንት ነው፣ ራስ ምታቱ ስንት ሰዓት ላይ ይጀምራል። መነጽሩ ሲደርስ የማዘዣ ወረቀቱን ለመነጽር ቤቱ ትታችሁ አትምጡ፤ ቅጂውን ተቀበሉ፤ ስልካችሁ ላይም ፎቶ አንሱት። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ብትመለሱ በመስታወቱ ላይ የተሠራው በወረቀቱ ላይ ከታዘዘው ጋር መግጠሙን የሚያጣራው ባለሙያ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው። ለልጆች ምርመራውን በየዓመቱ ደግሙት፤ አዋቂዎች በየአንድ ወይም ሁለት ዓመት። ቁጥሩ ሳይቀየር ከቆየ እሰየው፤ ያው መነጽር ይቀጥላል።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)